ጭሱ የተመለሰባት ሴትና ሸክላ ሠሪዋ ወርቂት

ተረት ተረት!

፦ «የመሠረት!»

አዬ፣ ይህ እራት የበላ ሰው ድምፅ አይደለም። ቀረብ በሉ። በሩንም ዝጉት። ዛሬ የምነግራችሁ የብርድ ተረት ነው።

በድሮ ዘመን፣ ደመናው ከጣሪያ በታች በሚያልፍበት ደጋ አገር፣ እቴነሽ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። የዚያ አገር ብርድ ውሻን ከጅብ ጋር አቃቅፎ ያስተኛል። እንጨት እንደ ልብ አይገኝም፤ የሚነደው ኩበት ነው። ስለዚህ ሰው ቤቱን የሚያሞቀው በብልሃት ነበር። ምድጃው ጥግ ላይ ይሠራል። ከምድጃው የጭስ ቦይ ይወጣና በጭቃው መደብ ሆድ ውስጥ ያልፋል። ከዚያም በግድግዳው ቀዳዳ ወደ ውጭ ይወጣል። ጭሱ ሲያልፍ መደቡ ይሞቃል፤ መደቡ ሲሞቅ ቤቱ ይሞቃል። ሰውም በላዩ ተኝቶ ከእናቱ ክንፍ ሥር እንዳለ ጫጩት ያድራል።

የእቴነሽ መደብ ዓሥራ ሁለት ዓመት እንዲህ ሲያሞቃት ኖረ። በዓሥራ ሦስተኛው ዓመት፣ ታኅሣሥ ሲገባ፣ ጭሱ አልወጣም አለ። ወደ ቤት ተመለሰ። ዓይን ያቃጥላል፣ ያስላል። መደቡ ግን የወንዝ ድንጋይ ሆነ።

በሌላ ጊዜ ቢሆን ባልከፋ። ግን ልጇ ደብሪቱ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ከባሏ ቤት መጥታ ነበር። ወሯ ገብቷል። በዚያ አገር በቀዝቃዛ መደብ ላይ የተወለደ ሕፃን ሳምንት አይሞላውም። እቴነሽ ይህን ከሰው አልሰማችውም፤ እሷ ራሷ አንድ ልጅ እንዲያ ሆኖባት ቀብራለች።

ከዚያም አያ ጓንጉልን አስጠራች። አያ ጓንጉል የታወቀ ምድጃ ጠጋኝ ነው። አውራ ጣቱ ከአንጓው የተቆረጠ፣ ድምፁ ግን ምንም ያልጎደለው። በበቅሎ መጣና ገና ከደጃፍ ምላሱን ጠጠጠ አደረገ።

፦ «ማን ነው ይህን የነካካው?» አለ።

፦ «ኧረ ማንም አልነካካው። ድሮ የሠራችው ሸክላ ሠሪዋ ወርቂት ናት» አለች እቴነሽ።

፦ «ወርቂት! ታዲያ ይህ መደብ ነው? ይህ የአህያ መቃብር ነው! እስከ ዛሬ በጭስ ታፍነሽ ያልሞትሽው ታቦቱ ቢጠብቅሽ ነው።»

እቴነሽ ደነገጠችና አመነችው። አያችሁ፣ ስሕተቷ ይህ ነበር። አብዝቶ የሚሳደብ ሰው አብዝቶ የሚያውቅ ይመስላታል። ጓንጉልም የመደቡን ቀኝ ጎን አፈረሰና አዲስ ጭቃ ለጠፈበት። በመዳፉ መታ መታ አደረገው። በላ፣ ጠጣ፣ ሄደ። ጭሱ ሦስት ቀን ወጣ። በአራተኛው ቀን ነፋስ ተነሣ፤ ጭሱም ተመለሰ።

እቴነሽ ውኃ ስትቀዳም፣ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስም፣ ገበያ ስትወጣም ላገኘችው ሁሉ፦ «ወርቂት ጉድ ሠራችኝ! ከእሷ እጅ የወጣ ነገር ቤታችሁ እንዳይገባ!» ትል ጀመር። በዚያ ዘመን ሸክላ ሠሪን ሰው ድሮም በጎሪጥ ያያል፤ ለማመን ጊዜ አልፈጀበትም። በሦስት ገበያ ውስጥ ከወርቂት ፊት የሚቆም ጠፋ። ወርቂት እንስራዋን ተሸክማ ትወጣለች፣ ያንኑ ተሸክማ ትወርዳለች።

ከዚያም ከወንዝ ማዶ ሌላ ጠጋኝ መጣ። እሱም ከደጃፍ ቆሞ፦ «ማን ነው ይህን የነካካው?» አለ።

፦ «አያ ጓንጉል።»

፦ «ጓንጉል! ጓንጉልማ የዶሮ ቆጥ አይሠራም!»

ግራ ጎኑን አፈረሰ፣ ለጠፈ፣ በላ፣ ሄደ። ነፋስ ተነሣ። ጭሱ ተመለሰ።

እቴነሽ ቸገራትና ጓንጉልን ዳግመኛ ጠራችው። ጓንጉል የማዶው ሰው መግባቱን ሰምቶ ነበርና ተቆጥቶ ደረሰ።

፦ «ሥራዬን አስበላሸሽው!» አለ። የመደቡን ቀኝ ጎን በዱላው እየወጋ፦ «ይኸው፣ ይህን ተመልከቺ! ይህን የለጠፈ እጅ ይቆረጥ!»

ደብሪቱ ሆዷን ይዛ ጥግ ተቀምጣለች። አፏ ምላጭ ነው። ኩራዙን አስጠጋችና ጭቃውን አየች።

፦ «አያ ጓንጉል፣ ይቆረጥ ያሉት እጅ ድሮም ትንሽ የተቆረጠ መሰለኝ። እዚህ መዳፍ ታትሟል፤ አውራ ጣቱ ጎደሎ ነው።»

ጓንጉል ጭቃውን አየ። እጁን አየ። እጁን ጋቢው ውስጥ ከተተ።

፦ «ያን ቀን… ጭቃው ነው። ጭቃው ጥሩ አልነበረም» አለና በቅሎውን ፍለጋ ወጣ።

ደብሪቱ ሳቀች፣ ሳቀችና ወገቧን ያዘች።

፦ «እማዬ፣ ቀኑ ቀርቧል። የሠራችውን ሴት ጥሪያት።»

፦ «በምን ዓይኔ ልያት? በአገር ፊት ስሟን አጥፍቼ!»

፦ «በዚሁ ጭስ ባቀላው ዓይንሽ እያት።»

በማግሥቱ ጠዋት እቴነሽ ወርቂት ወደምትኖርበት ገደል ሥር ወረደች። ወርቂት ከጎጆዋ ደጃፍ ጭቃ ስትረግጥ አገኘቻት። እቴነሽ ከመንገድ ድንጋይ አነሣችና ማጅራቷ ላይ ጫነች። ጎንበስ አለች።

፦ «ወርቂት፣ ማሪኝ። ስምሽን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

ወርቂት መርገጧን አላቆመችም።

፦ «አውቃለሁ እሜቴ። ድንጋዩን ያውርዱት፣ ወገብዎን ያምዎታል። ልጅዎ ወሯ ገባ አሉ?»

፦ «ገባ።»

፦ «እንግዲያ መደቡን ዛሬውኑ አየዋለሁ። ሕፃኑ ምን በደለኝ? ስሜን ግን እኔ አልጠግንም። እርስዎ ገበያ ላይ ሰበሩት፤ ገበያ ላይ ይጠግኑት።»

አብረው ወጡ። ወርቂት ቤት ገባች። ማን ነካካው ብላ አልጠየቀችም። ምድጃው ውስጥ እርጥብ ገለባ አነደደችና የጭሱን አካሄድ ተመለከተች። ከዚያም ወደ ውጭ ወጥታ ከግድግዳው ቀዳዳ ፊት ቆመች። ነጠላዋ ተርገበገበ።

፦ «እዚህ ላይ ትልቅ ጽድ ነበር» አለች።

፦ «ለባሌ ተዝካር አስቆረጥኩት። ግንቦት ላይ።»

ወርቂት እጇን ቀዳዳው ላይ አደረገች። ከዚያም፦ «ነገሩ እሱ ነው። መደቡ ምንም አልሆነም። ጽዱ ሲጠፋ የበጋው የምሥራቅ ነፋስ በቀዳዳው ይገባና ጭሱን እየገፋ ይመልሰዋል። ግን እሜቴ፣ ጥፋቱ የኔም ነው። ያን ጊዜ ቀዳዳውን በዚህ በኩል ያወጣሁት ጽዱን ተማምኜ ነው። ዛፍ ይቆረጣል፣ ይወድቃል። ይህን ማሰብ ነበረብኝ» አለች።

እቴነሽ አፏን ያዘች። ልጆቼ፣ እስቲ አስቡት። ወርቂት ያን ቃል ብትውጠው ማን ያውቅባት ነበር? የተበደለችው እሷ፣ ስሟ የጠፋባትም እሷ። እሷ ግን ጥፋቷን አውጥታ ፀሐይ ላይ አሰጣችው።

ከዚያም ወርቂት የድሮውን ቀዳዳ ደፈነች። ቦዩን ወደ ምዕራቡ ግድግዳ አዞረችና ሌላ ቀዳዳ ከፈተች። ነፋስ እንዳይደፍረው የተሰበረ እንስራ አንገት ሰካችበት። ጀንበር ሳትጠልቅ እሳት ተለኮሰ። ነፋሱ መጣ፤ ጭሱ ግን ለነፋሱ ጀርባውን ሰጥቶ መንገዱን ሄደ። መደቡ ሞቀ። በአምስተኛው ቀን ደብሪቱ በሞቀው መደብ ላይ ሴት ልጅ ተገላገለች። ሕፃኗ ሳምንት ሞላት፤ ሁለትም ሞላት።

ቅዳሜ ደረሰ። እቴነሽ ገደሉ ሥር ወረደችና ከወርቂት እንስራ አንዱን በገመድ በጀርባዋ አዘለች።

፦ «እሜቴ፣ ኧረ ሰው ያያል!» አለች ወርቂት።

፦ «እንዲያይ ነው።»

ገበያ ወጡ። እቴነሽ ከሸክላው አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች። ሰው ከበባት።

፦ «ስሙኝ!» አለች። «ወርቂትን ያማሁት በሐሰት ነው። መደቤ ደኅና ነበር። ጽዱን የቆረጥኩት እኔ ነኝ።»

አንዷ ከመሐል ሳቀችባት።

፦ «እንግዲህ የቱን እንመንሽ? ያን ጊዜ ያልሽውን ወይስ የዛሬውን?»

፦ «ያን ጊዜ ስናገር ምላሴ ጣፍጦኝ ነበር። ዛሬ ስናገር ፊቴ እየተቃጠለ ነው። የቱ እውነት እንደሆነ እናንተው ፍረዱ።»

ከዚያም አንዲት አሮጊት ጎንበስ ብላ እንስራውን በጣቷ አንኳኳች። እንስራው ጥርት ብሎ ጮኸ።

፦ «ወርቂት፣ ይህን ስጪኝ» አለች አሮጊቷ።

ያን ቀን የተሸጠው ያ አንድ እንስራ ብቻ ነው። በሦስት ገበያ የፈረሰ ስም በሦስት ገበያ አይነሣማ። እቴነሽ ግን በየቅዳሜው እያዘለች ወጣች። መሬት ላይ እየተቀመጠች ያንኑ ቃሏን ተናገረች። በፋሲካ ዋዜማ ወርቂት የወጣችበትን ዳገት ባዶ እጇን፣ እየዘፈነች ወረደች።

ተረቴ አለቀ፤ የያዛችሁት ቆሎ ግን አላለቀም፣ አያችሁት አይደል? በሉ የተረፈውን ወዲህ በሉልኝ፤ ስታወራ ያመሸች አፍ ባዶዋን አትደር።