ወላቃው በቆሎ

ጠጋ ጠጋ በሉ ልጆች። እሸታችሁን እየጋጣችሁ መስማት ትችላላችሁ። ቆረቆንዳውን ግን ወዲያ እንዳትወረውሩ፣ እዚሁ እግሬ ሥር አኑሩልኝ። ለምን እንደሆነ ኋላ ትደርሱበታላችሁ። ትልልቆቹም ወሬ አቁሙ፤ ነገሩ ለእናንተም ይሆናል።

ድሮ ድሮ፣ አውሬው ሁሉ አራሽ በነበረበት ዘመን፣ ስሟን በማላውቃት በአንዲት አገር አያ ዝንጀሮና እመት ጃርት ጎረቤታሞች ነበሩ። አዎ፣ ጃርት! ዛሬ ማሳ ውስጥ እየገባች የምታስቸግረን ጃርት ያኔ የራሷ ማሳ ያላት ጨዋ ገበሬ ነበረች። እንዴት ሌባ እንደሆነች ሌላ ጣጣ ነው፤ አሁን አታስለፍልፉኝ።

የሁለቱን ማሳ የሚለየው አንድ አጥር ብቻ ነበር። አፈሩ አንድ፣ ዝናቡ አንድ፣ ፀሐዩም አንድ። ሁለቱም የሚዘሩት በቆሎ ነው። አዝመራ ሲደርስ አያ ዝንጀሮ ፍሬውን ይለቅምና፣ አገዳውን ከነሥሩ ነቅሎ፣ ወድቆ የቀረውን ቅጠል ሳይቀር ጠራርጎ ገደል ላይ ወዳለው ዋሻው ያግዛል። ፍሬውን ይበላሉ፤ አገዳውንና ቆረቆንዳውን ሚስቱ ታነደዋለች፤ አመዱን እሱ ራሱ ከዋሻው አፍ ቁልቁል ይደፋዋል። "የእኔ ቤት ንጹሕ ነው፤ ቁንጣሪ አመድ አታገኙበትም!" እያለም ይኩራራል።

የመጀመሪያው ዓመት በቆሎ ደህና ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ነገር ተበላሸ። ከታች ያሉት ቅጠሎች ከዳር ከዳራቸው ቢጫ ሆኑ፤ ቢጫው ቡናማ ሆነ፤ ቡናማው እሳት እንደለበለበው ደረቀ። አገዳው ትንሽ ነፋስ ሲነካው ይጋደማል። እሸቱ ሲላጥ ጫፉ ባዶ፣ መሐሉ ወላቃ፣ ልክ የእኔን አፍ ይመስላል። ሳቁ፣ ሳቁ! እናንተም ታረጃላችሁ።

ሁለት ዓመት ተከታትሎ እንዲህ ሆነ። በአራተኛው ዓመት የአያ ዝንጀሮ ሚስት ሰባቱን ልጆቿን ዙሪያዋን አስቀምጣ ተናገረች።

"ስማኝ! ወላቃ በቆሎ መብላት በቃኝ። ጋኑ ውስጥ የቀረችው ዱቄት በመከራ እስከ እሸት ብታደርሰን ነው። ዘንድሮም ወላቃ ከሆነ ሰባቱንም ይዤ ወደ አባቴ ገደል እሄዳለሁ።"

አያ ዝንጀሮ ሚስቱን ይወዳል። ልጆቹንም፣ ጭራውን ሲጎትቱት እንኳ፣ ይወዳል። ስለዚህ እጅግ ፈራ። ግን ኩራቱ ከፍርሃቱ ይበልጥ ነበርና ማንንም ሳይጠይቅ ወደ ማሳው ወረደ።

በቆሎው ጉልበት ደርሷል፤ ያው ቢጫ ደግሞ ከታች፣ ከዳር ከዳሩ ጀምሯል። "የተለበለበማ በፀሐይ ነው!" አለና ቋጥኝ ላይ ወጥቶ ጉሮሮው እስኪደርቅ ፀሐይን ሲሰድብ ዋለ። ፀሐይ እንደ ልማዷ ጠለቀች። እመት ጃርት በአጥሩ ቀዳዳ ብቅ አለችና፣

"አያ ዝንጀሮ፣ ወሰድህ፤ ምን መለስህ?" አለችው።

"እኔ ዝንጀሮ የማላውቀው!" አላት።

በማግስቱ "ጠምቶት ነው" ብሎ ከወንዝ በቅል ውኃ ሲያመላልስ ሰነበተ። ማሳው ጭቃ ሆነ፤ ቢጫው ግን እንደ ቢጫነቱ። እመት ጃርት ብቅ አለች።

"አያ ዝንጀሮ፣ ወሰድህ፤ ምን መለስህ?"

"እኔ ዝንጀሮ የማላውቀው! ይልቅ አንቺ ነሽ! ዓይንሽ ነው በቆሎዬን የበላው!"

"የእኔ ዓይን?" አለች እመት ጃርት። "የእኔ ዓይን እንኳን ያንተን በቆሎ መንገዴንም በወጉ አያይልኝ።" ይህን ብላ እሾኋን እያንኳኳች ወደ ሥራዋ ሄደች።

አያ ዝንጀሮ የእሷን ማሳ አሻግሮ አየ። አገዳው ወፍራም፣ ቅጠሉ እስከ ዳሩ አረንጓዴ። ቅናት አንጀቱን በላው። በሌላ ቀን ማለዳ አጥር ሥር ተጋድሞ ሲሰልል፣ እመት ጃርት ከአንድ ባለ ክዳን ማሰሮ የላመ ነገር በስባሪ ቅል እየጨለፈች በየበቆሎው ዙሪያ ስትነሰንስ አያት። ብድግ አለና ልብስ የሌለውን ትከሻውን አራገፈ።

"እንዴት አደሩ፣ እመት ጃርት?" ነገር ሲፈልግ አንቱ ማለት ያውቅበታል።

"እግዜር ይመስገን። ምን ፈለግህ?"

"እንደው ይሄ የሚነሰንሱት መድኃኒት ምን ይባላል?"

"አመድ።"

"አመድ?"

"የምድጃዬ አመድ ነዋ! በቆሎው ከአፈር የጠጣውን ጉልበት አገዳውና ቆረቆንዳው ይዘውት ይወጣሉ። ከአገዳው ግማሹን እዚሁ አፈር ውስጥ እቀብረዋለሁ፤ ግማሹን አንድጄ አመዱን ለማሳው እመልሳለሁ። ዝናብ ከመታው ጉልበቱ ታጥቦ ይሄዳልና ማሰሮ ውስጥ እከድነዋለሁ። ደግሞ በመጠኑ ነው፣ ወጥ ላይ እንደሚጨመር ጨው።"

ውሸታም የሰው እውነት አይዋጥለትም። አያ ዝንጀሮ አመስግኖ ዘወር እንዳለ ከራሱ ጋር ተማከረ። "አመድ የሚወደው አህያ ነው፣ ሊንከባለልበት! ይቺ ብልጥ ምስጢሯን ደበቀችኝ። እኔ ብሆን እውነቱን እነግራት ነበር? አልነግራትም። እንግዲያው አመድ ካለች አመድ አይደለም። አመድ ሳይሆን አመድ የሚመስል፣ የላመ፣ ዕቃ ውስጥ የሚቀመጥ፣ ክዳን የሚደረግለት ምንድን ነው?" ግንባሩን በመዳፉ መታ። "ዱቄት! እኔ ዝንጀሮ የማላውቀው!"

ሚስቱ ልጆቹን ልታጥብ ወንዝ ወርዳለች። ጋኑን ተሸክሞ ወደ ማሳው በረረ። "እንካ ብላ! አንተም ብላ!" እያለ ዱቄቱ እስኪያልቅ በየበቆሎው ሥር በእፍኝ በእፍኙ አደለ። ሲጨርስ ባዶውን ጋን ዋሻው መልሶ መጣና፣ መቼም የዝንጀሮ ነገር መጀመሪያ መቀመጫዬን ነውና፣ ለስላሳ ድንጋይ መርጦ ተቀመጠ፤ በቆሎው ሲያድግ ሊያይ።

መጀመሪያ ጉንዳን መጣ። ቀጥሎ ጅግራ ከነዘመድ አዝማዷ ደርሳ ማሳውን ትጭረው ጀመር። እሷን ወዲህ ሲያባርር ከርከሮ ሚስቱንና ልጆቹን አስከትሎ በወዲያ በኩል ገባ። ዱቄት የሸተተው ከርከሮ ማን ይመልሰዋል? አያ ዝንጀሮ ቢጮህ፣ ቢዘል፣ ድንጋይ ቢወረውር ማን ሰምቶት። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ማሳው ዳግም የታረሰ መስሏል። የተረፈችው ዱቄቱ ያልደረሳት አንዲት ጥግ ብቻ ናት፣ አሥራ ሁለት እግር በቆሎ።

ሚስቱ ከወንዝ ተመልሳ ለምሳ ዱቄት ልትዝቅ እጇን ብትሰድ የጋኑ ቂጥ ኳ አለ።

"ዱቄቱስ?"

"ለበቆሎው... አበላሁት።"

"ለልጆቼስ?"

አያ ዝንጀሮ ባዶውን ጋን አቀፈ። እሷም አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለው ነበር። ትንሹን አዘለች፣ ስድስቱን ከፊት አሰለፈች። "ጥርሱ ያልጎደለ አንድ እሸት ይዘህ የመጣህ ዕለት እመለሳለሁ" ብላው ሄደች።

አያ ዝንጀሮ ባዶ ዋሻ ውስጥ ተቀምጦ አለቀሰ። አልቅሶ ሲወጣለት ወደ እመት ጃርት ሄደ።

"እመት ጃርት፣ በሞቴ፣ እውነቱን ይንገሩኝ።"

"ነግሬህ ነበር።"

"አመድ ነው?"

"አመድ ነው።"

"እንግዲያው ትንሽ ይስጡኝ።"

"የእኔን ለምን ትለምናለህ? ከዋሻህ በታች ውረድና እይ።"

ወርዶ አየ። የደፋው የሦስት ዓመት አመድ ዝናብ በማይደርስበት የቋጥኝ ጥግ እንደ ኮረብታ ተቆልሎ ይጠብቀዋል። በትከሻው እየተሸከመ ሽቅብ ቁልቁል አለ። እመት ጃርትም ማሳዋን ስለሚያርምላት ቆሎ ታቀምሰዋለች፤ በአጥሩ ቀዳዳም ትጮኽበታለች። "ቅጠሉ ላይ አይደለም! ከግንዱ ራቅ አድርገህ ዙሪያውን! ከአፈሩ ጋር ቀላቅለው! ኧረ አታብዛው፣ አንተ ሰው!" እሱም "እሺ፣ እሺ" ይላል። "የማላውቀው" የምትለዋ ቃል ከአፉ ጠፍታለች።

የተለበለበው ቅጠል አልዳነም። ከላይ የወጣው አዲሱ ግን እስከ ዳሩ አረንጓዴ ሆነ፤ ነፋስ ሲመጣም አገዳው ቀጥ ብሎ ቆመ። እሸት ሲደርስ አያ ዝንጀሮ ትልቁን መርጦ ላጠ። ከጫፍ እስከ ጫፍ ጥርሱ ሙሉ ነው! አቅፎት ወደ አማቱ ገደል ገሰገሰ። መንገዱ የሙሉ ቀን ነው፣ ሆዱ ባዶ ነው፣ የእሸቱም ሽታ ያስጎመጃል። እንዴት እንደተሰቃየ እኔ ልነግራችሁ አልችልም።

ሚስቱ እሸቱን ተቀብላ ረድፍ በረድፍ እያገላበጠች መረመረች።

"ይቺስ? አንዲት ጎድላለች።"

"እሷ... መንገድ ላይ ወለቀች።"

"ወዴት ወለቀች?"

"ወደ አፌ።"

ሚስቱ አልስቅም ብላ ከንፈሯን ነከሰች፤ አልሆነላትም። ሰባቱም ልጆች ጭራው ላይ ተንጠለጠሉ። እሸቱን ተካፍለው በልተው ሲያበቁ ቆረቆንዳውን ወደ ገደል ልትወረውር እጇን ስታነሣ፣ አያ ዝንጀሮ ዘሎ በአየር ላይ ቀለበው። "ተይ! እሱ የማሳው ነው!" ከነቤተሰቡም ወደ ዋሻው ተመለሰ። ያ ሁሉ አመድ ግን ከትከሻው ሳይለቅ ቀረ፤ እስከ ዛሬ አመድማ ነው።

በሉ፣ እኔ ጨርሻለሁ። ተረቴን ወሰዳችሁ፤ ምን መለሳችሁ? ቆረቆንዳችሁን ወዲህ በሉ። አንተ፣ ያንተ የት አለ? አጥር ማዶ ወረወርከው? ተነሥና አምጣው፣ እየሄድክም ይቺን እያልክ ሂድ፦

አመዱን የናቀ፣ ዱቄቱን አጣ።