የማይመለሰው በር

በአንዲት ከተማ «ወደ ኋላ መመለስ የለም» የሚል መፈክር በየግድግዳው ያስጻፈ ከንቲባ ነበር። ለጽሕፈት ቤቱ ግቢ በሞተር የሚንሸራተት የብረት በር አሠራና አንዲት የኤሌክትሪክ ሠራተኛ አስጠራ። ሴትዮዋ ሽቦውን ዘርግታ ሁለት ቁልፎች ገጠመች።

«ይኼኛው ይከፍታል። ይኼኛው ደግሞ የሞተሩን የማስነሻ ሽቦ ሁለት ጫፎች ያቀያይራል፤ ያኔ ሞተሩ ወደ ኋላ ይዞርና በሩ ይዘጋል» አለች።

«ወደ ኋላ? በእኔ ግቢ?» ብሎ ከንቲባው ጮኸ። «ቁረጪው!»

ቆረጠችው። በምረቃው ቀን በሩ በጭብጨባ ተከፈተ፤ ተከፍቶም ቀረ። ከሰዓት በኋላ የሰፈሩ አህዮች የግቢውን አበባ ጨረሱት። በማግስቱ የሠርግ አጃቢ፣ መንገድ ያሳጥርልናል ብሎ፣ ጥሩምባውን እየነፋ በግቢው መሀል አለፈ። ሙሽራው ስብሰባቸውን አቋርጠው በመስኮት ለሚያዩት የጽሕፈት ቤቱ ሰዎች እጁን አውለበለበላቸው።

ከንቲባው ሴትዮዋን በፖሊስ አስመጣት።

«እስከ ማታ በሩን ዝጊ! ሞተሩ ግን አንዲት ዙር ወደ ኋላ ቢዞር ፈቃድሽን ነጥቄ አሳስርሻለሁ!»

ሴትዮዋ በሩን አየች፤ አጥሩንም አየች።

«ቀላል ነው፣ ክቡር ከንቲባ። በሩ ካልተመለሰ አጥሩን እናስከትለዋለን። የአጥሩን ግንብ በሙሉ በሩ በሄደበት አቅጣጫ፣ በበሩ ስፋት ልክ ወደ ፊት ስንገፋው ክፍተቱ ከበሩ ጋር ይገጥማል። የእርስዎ ቢሮ ግን በወዲያኛው ጥግ ስለሆነ ከአጥሩ ውጪ፣ አውራ ጎዳናው ላይ ይቀራል። ለሱ አያስቡ፤ መኪና እንዳይገጭዎት እኔ ራሴ አምፖል እሰቅልልዎታለሁ።»