የሬዲዮው ዝውውር

አፉ የማያርፍ አንድ መካኒክ በረሃ ውስጥ ባለ አውሮፕላን ማረፊያ ይሠራ ነበር። እዚያ ያለች የአንዲት ትንሽ አውሮፕላን ሬዲዮ አጠገቡ ያለውን ኮምፓስ እያሳሳተ አብራሪውን ስላስቸገረ፣ መካኒኩ ሬዲዮውን ነቅሎ ከኋላ ወንበር ሥር ገጠመው።

የድርጅቱ ዋና ሥራ አስኪያጅ ለጉብኝት መጥተው አብራሪው ጎን ሲቀመጡ ሬዲዮው የነበረበትን ባዶ ቀዳዳ አዩ።

«ሬዲዮውን ማነው ከፊቴ ያነሳው?» ብለው መካኒኩ ላይ ጮኹ። «የቴክኒክ ወሬ አልፈልግም! የሚገባኝን ምክንያት ንገረኝ፤ አለዚያ ዛሬውኑ ጓዝህን ጠቅልል።»

«ምክንያቱማ የእርስዎው ነው፣ ጌታዬ» አለ መካኒኩ። «‹አጠገቡ ያሉትን ያሳስታል› ብለው ከዋናው መሥሪያ ቤት ወደዚህ በረሃ አዛወሩኝ። እኔም ሬዲዮው ኮምፓሱን ሲያሳስት ባገኘው ወደ ኋላ አዛወርኩት። ግን ምን ዋጋ አለው፣ ሁለታችንም ከቦታችን ተነስተንም መለፍለፋችንን አልተውንም።»