ዶሮ የጣለችባት ፒክአፕ

አንድ የሸክላ ነጋዴ ነበረ። ጥያቄህን ዘልዬ ወሬ የጀመርኩ እንዳይመስልህ፣ ልጄ ደርበው። «አባ፣ ይኸው ሦስት ዓመት ሙሉ በዚያው በቁጣዬ ንስሐ እገባለሁ፤ ተመልሼ ደግሞ እቆጣለሁ። ከእንግዲህ እርስዎ ፊት ቀርቤ ከማፍር ብቀር አይሻልም ወይ?» አልኸኝ። መልሱ ያለው እዚህ ሸክላ ነጋዴ ጋ ነውና ታግሠህ ስማ።

ሰውየው ከደጋ ሸክላ ሠሪዎች ገንቦና ድስት እየገዛ ቆላ ወርዶ የሚሸጥ ነበር። መንገዱ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ነው፤ በአንድ በኩል ገደል አለው። ገንቦ ደግሞ ደግፎ የሚይዘው ሰው ይፈልጋል። ስለዚህ ሚስቱ ሁልጊዜ ከኋላ፣ ከዕቃው መካከል ጭድ ላይ ተቀምጣ ትሄድ ነበር። አንድ ቀን በኪራይ መኪና ሲወርዱ ፍሬን እምቢ አለ። ሾፌሩ እንደ ምንም ብሎ ከተራራው ጎን ጋር አላትሞ አቆማት። ሸክላው ሁሉ እንክትክት አለ፤ የሚስቱም እግር ተሰበረ። ከዚያ ወዲህ ያለ ምርኩዝ አትሄድም። ሰውየውም «ሁለተኛ የሰው መኪና ላይ አላሳፍራትም። አሮጌም ቢሆን የራሴን እገዛለሁ፤ ፍሬኗን ሳላረጋግጥ ግን አልነካትም» ብሎ ማለ።

ደላላ ሁለት አሮጌ ፒክአፖች አገኘለት፤ አንዷ ነጭ፣ አንዷ ሰማያዊ። ሰውየው እንደመጠንቀቅ ብሎ «መኪናዎቹን ከማየቴ በፊት የየዓመቱን የምርመራ ወረቀት አምጣልኝ» አለ። በዚህስ አልተሳሳተም። መኪና በየዓመቱ ለቦሎ ስትመረመር ፍሬኗ፣ መብራቷ፣ መሪዋ እንዴት እንደሆነ ይጻፋልና፣ ሻጩ የሚደብቀውን ከዚያ አገኘዋለሁ ብሎ ነው።

የነጯ ወረቀት የሚያኮራ ነበር። የስድስት ዓመት ምርመራ፣ ሁሉም ላይ «ጥሩ፣ ጥሩ፣ አልፏል»። የሰማያዊዋ ግን ገበናዋን አደባባይ ያወጣ ነው። «የፍሬን ሸራ አልቋል፤ ወድቋል።» በሳምንቱ «ተጠግኖ አልፏል።» በዓመቱ «የፊት መብራት አይሠራም፤ ወድቋል።» ከዚያ እንደገና ፍሬን፣ እንደገና ወድቋል። ሰውየው ይህን አንብቦ ቀና ሲል የሚስቱን ምርኩዝ አየ። «ይቺንስ ለጠላቴም አልመኛት!» ብሎ ወደ ነጯ ገሰገሰ። አንተስ ብትሆን አትገሰግስም ነበር?

ነጯ ከሻጩ ግቢ ውስጥ ታጥባ ቆማለች። ሻጩ ቁልፍ ሊያመጣ ወደ ቤት ገባ። ሚስቲቱ እግሯን ስላመማት አጥር ሥር ከተደረደሩት አራት ጥርብ ድንጋዮች በአንዱ ላይ አረፍ አለች። የሻጩ እናት፣ ደግ አሮጊት፣ እዚያው ፀሐይ ይሞቁ ነበር።

«ተነሺ ልጄ፣ ልብስሽን ያበላሽብሻል፤ ግራሶ አለው» አሏት።

«ድንጋይ ደግሞ ከየት ግራሶ አገኘ፣ እማማ?»

«መኪናዋ እኮ እሱ ላይ ነበር የተሰቀለችው። ልጄ ጎማዋን አውልቆ ሸጦት ሦስት ክረምት እንዲሁ ከረመች። ዶሮዬማ መቀመጫዋ ላይ ነበር የምትጥለው፤ ሁለት ጊዜም ፈልፍላበታለች። ያወረዷት ባለፈው ወር ነው፤ አሁን ዶሮዋ የምትጥልበት አጥታ ትንከራተታለች።»

አሮጊቷ ማንንም ሊያሳጡ አልነበረም፤ ያዘኑት ለዶሮዋ ነው። ሚስቲቱ ባሏን ጠራችው።

«እስቲ የመጨረሻዎቹን ሦስት ዓመታት አንብብልኝ።»

«ፍሬን ጥሩ። መሪ ጥሩ። ጎማ ጥሩ። አልፏል።»

«ጎማ ጥሩ?» አለች። «የትኛው ጎማ?»

ሰውየው ወረቀቱን ገለበጠው፤ ወደ ብርሃን አንሥቶ አየው። ማኅተሙ ማኅተም ነው፤ ፊርማውም ፊርማ ነው። መኪናዋ ግን በዚያን ቀን ድንጋይ ላይ ተሰቅላ ዶሮ ታስፈለፍል ነበር። ለካስ ወረቀቱ ብቻውን ሄዶ፣ ብቻውን ተመርምሮ መጥቷል! ሻጩ ቁልፉን እያንቃጨለ ሲወጣ ባልና ሚስት በሩን አልፈው ሄደዋል።

በመንገድ ላይ ሰውየው ጭንቅላቱ ዞረ። ንጹሕ የተባለችው እንዲህ ከሆነች፣ ወደቀች የተባለችውማ ምን ልትሆን ነው? ወረቀት ልመን ወይስ አልመን? ሁሉንም ትቶ ወደ ቤቱ ሊመለስ ሲል ሚስቱ «እስቲ ወዳቂዋንም እንያት» አለችው።

የሰማያዊዋ ባለቤት ጎመንና ካሮት የሚያመላልስ ሽማግሌ ነው። ገና ሳይጠይቁት «ወረቀቷ አያምርም፤ አውቃለሁ» ብሎ አቀረቀረ።

«ታዲያ አባቴ፣ ለምንድን ነው እንዲህ ደጋግማ የወደቀችው?»

«ስለምወስዳት ነዋ!» አለ ሽማግሌው። «ያረጀች መኪና ናት፤ በየዓመቱ አንድ ነገሯ ያልቃል። እወስዳታለሁ፣ ይጥሏታል፣ አፍሬ እመለሳለሁ። አስጠግኜ በሳምንቱ ደግሞ እወስዳታለሁ። ምን ላድርግ፣ ልጆቼን የምጭነው በእሷ ነው።»

ነገሩ ለሰውየው አሁንም አልጠራለትም። ወድቋል የተባለውን ማን ደስ ብሎት ይገዛል? ለመሞከር መሪውን ሲጨብጥ ሚስቱ ምርኩዟን አስቀድማ ከኋላ ወጣች።

«ውረጂ፤ መጀመሪያ ብቻዬን ልሞክራት» አላት።

«የምትገዛት እኔን ልትጭንባት አይደለም እንዴ? ንዳ!»

እግሯ የተሰበረበት መታጠፊያ ላይ ሲደርሱ ዓይኑን ሊጨፍን ምንም አልቀረው። ፍሬኑን ረገጠ፤ ፒክአፗም ቀጥ አለች። ሰውየው ወርዶ የመኪናዋን ጎን ተደግፎ አለቀሰ። ሸክላ ነጋዴው ሰማያዊዋን ገዛ፤ ለምን እሷን እንዳመነ ቢጠይቁት ግን እስከ ዛሬ አጥርቶ አያስረዳም።

እኔ ላስረዳህ፣ ደርበው። ሰማያዊዋ አንተ ነህ። ንስሐህ ያ ምርመራ ነው፤ እኔም «ወድቋል» ብሎ የሚጽፈው ሰው ነኝ። ቁጣህ ቀላል ነው አልልህም፤ በእሱ ሰው ይሰበራል፤ ከኋላህ ጭድ ላይ የተቀመጠችው ሚስትህ ናት። ከዛሬ ጀምሮ ብትቀር እርግጥ ነው፣ ማንም ወድቋል ብሎ አይጽፍብህም፤ ሰውም እንዴት ያለ ንጹሕ ሰው ነው ይልሃል። ቁልቁለቱ ግን ያው ቁልቁለት ነው፤ እሷም ያው ከኋላህ ናት። ያ ሽማግሌ ሲጥሉት ያፍር ነበር እንጂ አልቀረም፤ ደግሞም ሳያስጠግን አልተመለሰም።

ባለፈው ጊዜ «ሂድና ሚስትህን ይቅርታ ጠይቃት» ብዬህ ነበር። ጠየቅሃት?

አቀረቀርህ። እንግዲያው ዛሬም ወድቀሃል። ሂድ፣ አስጠግን፤ በሳምንቱ እጠብቅሃለሁ።