ከሙሽራው በፊት

አቶ ልሳነወርቅ የሰርግ ጥሪ ላይ እንኳ ስማቸው ከሙሽራው በፊት ካልተጻፈ የሚያኮርፉ ሥራ አስኪያጅ ነበሩ። አንድ ቀን በአንዲት ምላሷ የሰላ ፕሮግራመር ጀርባ ቆመው ስክሪኗን ያያሉ። ከሥራ የሚወጣን ሰው ከሠራተኞች መዝገብ የሚያወጣ፣ ፋንክሽን የሚሉትን የኮምፒውተር ትእዛዝ ጽፋ፣ ጡረታ በወጡት ዘበኛ በጋሽ በዳዳ ልትጀምር ነው፦ አሰናብት(በዳዳ፣ ልሳነወርቅ)።

«እኔ? ከዘበኛ ኋላ?» ብለው ጮኹ።

«ኮምፒውተር ማዕረግ አያውቅም ጌታዬ፤ የሚያውቀው ቅደም ተከተል ብቻ ነው። ፊት የተጻፈው ይሰናበታል፤ ቀጥሎ የተጻፈው ያሰናብታል።»

«ምክንያት አታብዢ! ከዛሬ ጀምሮ የእኔ ስም ከማንም ይቅደም። አለዚያ አንቺንም በዚሁ አሰናብትሻለሁ!»

እሷ ግን ጣቶቿን ከኪቦርዱ ላይ እንኳ አላነሳችም።

«እሺ ጌታዬ፤ ምርጫው የእርስዎ ነው። እኔን ካሰናበቱኝ ስሜ ይቀድምዎታል። የእርስዎን ካስቀደምኩ ደግሞ ተሰናባቹ እርስዎ፣ አሰናባቿ እኔ ነኝ። ከሁለቱ የትኛው ክብር ይሻልዎታል?»