ዳለቻና የማዶዋ ጎረቤት

አንድ ጊዜ፣ ክረምት ሊገባ ጥቂት ሲቀረው፣ ከተራራ ወገብ ላይ አንዲት አህያ ብቻዋን ቀረች። ስሟ ዳለቻ ይባላል። ባለፈው ክረምት ናዳ ወርዶ ባሏን ይዞባት ሄደ። ከዚያ ወዲህ መሬቱ ተሰነጠቀ። ጎረቤቶቿ ስንጥቁን እያዩ አንድ በአንድ ነቅለው ወጡ። ሚዳቋዋ ወጣች፣ ድኩላው ወጣ፣ ጥንቸሏ እንኳ ልጆቿን ሰብስባ ደህና ሁኚ ሳትል ወጣች። ዳለቻ ግን «ባሌ የቀረበትን አፈር ትቼ የት እሄዳለሁ?» እያለች ከረመች። ማታ ማታ ስታናፋ የሚመልስላት ጠፋ።

የአህያ ወግ እንዲህ ነው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አንዷ ታናፋለች፣ ሌላዋ ከወዲያ ትመልሳለች። የመለሰች ደህና ናት ማለት ነው። ዝም ያለች እንደሆነ ጎረቤት ተነስቶ ሄዶ ያያታል። ስለዚህ አህያ አገር ስትመርጥ ሳሩን ቀምሳ አትወስንም፣ ውሃውን አይታም አትወስንም። መሃል ላይ ቆማ ታናፋና ጆሮዋን ቀስራ ታዳምጣለች። መልስ ካለ አገር ነው። መልስ ከሌለ ሳሩ ማር ማር ቢል አትቀመጥበትም።

የመጀመሪያው ነጎድጓድ ሲያጉረመርም ስንጥቁ በአንድ ክንድ ሰፋ። እንግዲህ ዳለቻ ምን ታድርግ? ወይ ክረምቱን የምታሳልፍበት ሌላ አገር ትፈልጋለች፣ ወይ እንደ ባሏ ከአፈር ጋር ትወርዳለች። ወደ ስንጥቁ አንዴ ዞር ብላ አየችና ተነሳች።

መጀመሪያ የደረሰችው ቀጋ ሥር ከምትባል መንደር ነው። መንደር ከተባለች ነው እንጂ ድንጋይ በድንጋይ፣ እሾህ በእሾህ የሆነች ቁልቁለት ናት። ሳሯ አጭር፣ ውሃዋ ሩቅ። ዙሪያዋን ቀጋ አጥሯታል፣ መግቢያዋ ላይ ደግሞ አያ ጃርት እሾሁን ነስንሶ ይተኛል። ዳለቻ ገና አንገቷን ብቅ ስታደርግ እመት ፍየል ከአለት ላይ ሆና አየቻት። እመት ፍየል የማታየው ነገር የለም። ጢሟን እያወዛወዘች ጀመረቻት።

«አንቺ፣ የናዳዋ አህያ አይደለሽም?»

«ነኝ፣ እመት ፍየል። ቦታ ፍለጋ ነው የመጣሁት።»

«አሁን ነው እንዴ ትዝ ያለሽ? ሰው ሁሉ ነቅሎ ካለቀ በኋላ?»

«ባሌ የቀረበት አፈር ነው ብዬ...»

«አፈሩ ታዲያ ባልሽን መለሰልሽ? ደግሞ ጎንሽ ምነው እንዲህ ገጠጠ? አትበዪም እንዴ? ልጅስ አልወለድሽም?»

«አልወለድኩም።»

«ምነው?»

አያ ጃርት ከመግቢያው ሆኖ «ኧረ ተያት፣ መጀመሪያ ገብታ ትረፍ» አለ።

«አንተ ዝም ብለህ በርህን ጠብቅ! አብረናት ልንኖር አይደል? ሳንጠይቅ ልናስገባ ነው?» አለችውና ወደ ዳለቻ ዞረች። «ስሚኝ እታለም፣ ከዋሻው አፍ ጥግ ደረቅ ቦታ አለ። ላንቺ ይበቃል። ግን ያ ናዳ የወረደ ለት አንቺ የት ነበርሽ? ባልሽን ለምን ጮኸሽ አልጠራሽውም?»

ዳለቻ ይህን ጥያቄ ዓመቱን ሙሉ ራሷን ስትጠይቅ የከረመች ናት። አሁን ደግሞ ሌላ አፍ ሲጠይቃት ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች። «አስቤበት እመለሳለሁ» አለችና ለወጉ እንኳ ሳታናፋ መንገድ ገባች።

እመት ፍየል ከኋላዋ ጮኸች። «ጭራሽ ታኮርፊያለሽ? ክረምት ነው እኮ፣ ቦታው ቆሞ አይጠብቅሽም!»

ከመታጠፊያው ላይ ቀበሮ ተቀምጣለች። ቀበሮ የተራራው ደላላ ናት። ማን እንደነቀለ፣ ማን እንደከሳ፣ ማን ከማን እንደተኳረፈ እሷ ዘንድ ይገኛል። የዳለቻንም ጉዳይ ከቁጥቋጦ ውስጥ ሆና አንድ ሳይቀር ሰምታለች።

«ምነው እሜቴ፣ ፊትሽ ጠቆረ?»

«ቦታ አጥቼ ነው። ቀጋ ሥሮች አፋቸው ከቀጋው ይብሳል።»

«እንዳንቺ ያለች ጨዋ እዚያ ምን ልትሠራ ሄደች! ይልቅ ጭጋግ አምባን ላሳይሽ። ሳሩ እስከ ጉልበት ነው። የሚጠይቅሽ የለ፣ የሚያማሽ የለ።»

«የሚመልስስ አለ?»

«ሄደሽ አናፊና ስሚያ!»

ወጡ። ጭጋግ አምባ እውነትም ያምራል። ሳሩ ይተኛል፣ ምንጩ ከእግር ሥር ይፈልቃል። መውጫውና መውረጃው አንዲት ቀጭን መንገድ ብቻ ናት፣ ሌላው ዙሪያው ገደል። ከገደሉ ማዶ ደግሞ እንደ ግድግዳ ቀጥ ያለ ሌላ ገደል ቆሟል። ይህን በሚያህል ለምለም ሳር ላይ አንድ ኮቴ የለም፣ አንድ ፋንድያ የለም፣ የታኘከ ቅጠል የለም። ይሄ አያስጠረጥርም? ዳለቻ ግን ይህን ልብ አላለችም። ገደሉ አፋፍ ላይ ቆማ አናፋች። ትንሽ ቆይቶ ከማዶ አንዲት አህያ አናፋች።

ዳለቻ ጆሮዋ ተቀሰረ። «ማን አለ?» አለች።

«...ማን አለ?»

«እኔ ነኝ፣ ዳለቻ ነኝ!»

«...ዳለቻ ነኝ!»

«ዳለቻ? አንቺም ዳለቻ ነሽ? ብቻሽን ነሽ?»

«...ብቻሽን ነሽ?»

«አዎ፣ ብቻዬን ነኝ» አለች ዳለቻ።

«...ብቻዬን ነኝ።»

መቼም እናንተ ገብቷችኋል። የገደል ማሚቶ ናት። ዳለቻ ግን ዕድሜዋን ሁሉ ዝርግ ቁልቁለት ላይ የኖረች ናት፣ ፊት ለፊቷ ገደል ኖሮ አያውቅም። ደግሞስ ብቸኝነት የማያሞኘው ጆሮ የታለ?

«ለምን አትታየኝም?» ብላ ቀበሮን ጠየቀቻት።

«ዓይነ አፋር ናት። ገደሉም አያሻግርም። ግን ጠባይዋ! አንድ ቀን ክፉ ቃል ከአፏ አይወጣም፣ ካንቺ ካልጀመረ።»

«እዚሁ እቀመጣለሁ» አለች ዳለቻ።

ቀበሮ መርቃት ወረደች። ከአምባው ሥር አያ ጅቦ ምራቁን እያዝረበረበ ይጠብቃታል።

«ልውጣና ልብላት?»

«ምኗን ነው የምትበላው? ከረሃብ መውጣቷ እኮ ነው። ክረምቱን ሳር ትጋጥና ትስባ። መንገዱ አንድ ነው፣ የት ትሄዳለች? ሥጋው ያንተ፣ አጥንቱ የኔ።»

«እኔስ እስከዚያ ምን ልብላ?»

«ተስፋ።»

«ይጣፍጣል?» አለ አያ ጅቦ።

ክረምቱ ገባ። ዝናቡ ሳያባራ ወረደ። ዳለቻ ቀን ሳሯን ትግጣለች፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አፋፉ ላይ ትቆማለች። «ዛሬ ከበደኝ» ስትል ማዶዋ «ከበደኝ» ትላለች። «ባሌ ናፈቀኝ» ስትል «ናፈቀኝ» ትላለች። «ምስኪን፣ እሷም ባሏ ሞቶባታል» እያለች ከንፈር ትመጥላታለች። እንዲህ የምትስማማት ጎረቤት በዕድሜዋ አይታ አታውቅም። ያለችውን የምትል፣ የማትቃወም፣ የማትመክር።

ከዚያ ጉንፋን ያዛት። ጉሮሮዋ ተዘግቶ ማናፋት ተሳናት። አለት ሥር ካለች ጥጓ ተኝታ ጠበቀች። ዛሬ ትጣራለች፣ ነገ ትጣራለች አለች። ማዶዋ ዝም። በአህያ ወግ ዝም ያለችውን ተነስቶ ማየት ነበረ፣ ገደሉ ባያሻግር እንኳ «ምነው ጠፋሽ?» ማለት ነበረ። ዳለቻ ተቀየመች። ሲሻላት አፋፉ ላይ ወጣችና ጀርባዋን ሰጥታ ቆመች። እሷ ዝም፣ ማዶዋ ዝም። ጭጋጉ መሃላቸው ገብቶ ተጋደመ። ዝምታው ሲከፋባት የታረቀችው እሷው ናት።

«እሺ፣ ይቅር በይኝ!»

«...ይቅር በይኝ!»

«ኧረ ምንም አይደል፣ እኔም አብዝቼዋለሁ» አለች ዳለቻ፣ ደስ ብሏት። ያን ለት ግን ጥጓ ከተኛች በኋላ አንድ ነገር አሰበች። ክረምቱን ሙሉ ሲያወሩ ማዶዋ አንድ ቀን ቀድማ ጠርታት አታውቅም። ወዲያው ደግሞ «ዓይነ አፋር ናት» አለችና አሳቧን ባዶ ሆዱን እንደመጣ እንግዳ ባዶ ሆዱን ሸኘችው።

ዝናቡ ቆመ። አደይ ፈነዳ። የዳለቻ ጎን ሞላ፣ ጀርባዋ አብረቀረቀ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እንደልማዷ አፋፉ ላይ ቆማ ልታናፋ አፏን ስትከፍት ከኋላዋ ጠጠር ተንሸራተተ። ዞር ብትል አያ ጅቦ ቀጭኗን መንገድ ዘግቶ ቆሟል።

«እንደምን አመሸሽ እመት አህያ» አለ፣ ጥርሱን ገልጦ። «ክረምቱን ሙሉ ተስፋ ስበላ ከርሜ ሆዴ ከጀርባዬ ተጣብቋል።»

ዳለቻ ወደ ማዶ ጮኸች። «እኅቴ፣ ጅብ መጣብኝ! ድረሽልኝ!»

«...ድረሽልኝ!»

ዳለቻ ደነገጠች። በማዶዋም ላይ ጅብ መጥቷል! የራሷን ትታ እሷን ማጽናናት ጀመረች። «አይዞሽ! አለሁልሽ!»

«...አለሁልሽ!»

አለሁልሽ ተባባሉ፣ ማንም ግን አልመጣም። አያ ጅቦ ዘልሎ ግራ ጆሮዋን ያዘ። እሷ ስትፈራገጥ ጆሮዋ ከአፉ ውስጥ ቀረ። ቀመሰውና በደስታ ጮኸ። «ወይ ጣዕም!»

«...ወይ ጣዕም!» አለ ከማዶ።

አያ ጅቦ ማኘኩን አቆመ። «ማነው እሱ?»

«...ማነው እሱ?»

«እኔ ጅቡ ነኛ!»

«...ጅቡ ነኛ!»

«ሰማሽ? ሌላ ጅብ!» አላት ለዳለቻ፣ ምስክር እንደሚቆጥር ሁሉ። ከዚያ ወደ ጭጋጉ ተጠጋ። «አህያዋ የኔ ናት!»

«...የኔ ናት!»

«አልሰጥህም!»

«...አልሰጥህም!»

«አይኑን ያፈጠጠ! በእጄ ያለውን ሥጋ አልሰጥህም ይለኛል?» አለ አያ ጅቦ፣ ፀጉሩ ቆሞ። አፋፉ ክረምቱን ሙሉ ውሃ የጠጣ ነው። «ወንድ ከሆንክ ና!»

«...ከሆንክ ና!»

ተጠራሁ ብሎ ሄደ። አንድ እግሩን ሰነዘረ፣ ሁለተኛውን ጭጋጉ ላይ አሳረፈው። ጩኸቱ ወረደ፣ ወርዶ ተመለሰ፣ ከዚያ ሁሉም ጸጥ አለ። ከሥር የምትጠብቀው ቀበሮ አጥንት ነበር የተባለላት፣ አጥንት አገኘች። የማን እንደሆነ አልጠየቀችም።

ዳለቻ ደሟ እየተንጠባጠበ ቆመች። «እኅቴ፣ ተረፍኩ» አለች በቀስታ።

«...ተረፍኩ።»

በዚህ ጊዜ ነው የገባት። ቅድም በጅብ ድምፅ የጮኸችው፣ አሁን በአህያ ድምፅ የተናገረችው አንዷው ማዶ ናት። ጎረቤት አልነበራትም። ባሌ ናፈቀኝ ያለቻት እሷው ናት፣ ይቅር በይኝ ያለቻትም እሷው ናት። ጎረቤት ባልሞተበት፣ ጎረቤት ባልሄደበት አገር ቆማ እንደ ሟች እኅት አለቀሰቻት። ገደሉም ልቅሶዋን ተቀብሎ አለቀሰ።

ሲነጋ ወረደች። ሰውነቷ እየዛለ፣ ዝንብ ጆሮዋ ላይ እየወረረ፣ ቀጋ ሥር ደረሰች። አጥሩ ጋ ስትደርስ ግን ፍርሃት ያዛት። እዚህም ብጠራ የራሴው ቃል ቢመለስልኝስ? ዓይኗን ጨፍና «ቤቶች!» አለች።

«ጆሮሽ የት ሄደ?» አለች እመት ፍየል ከአለቷ ላይ ዘልላ እየወረደች። «ኧረ ደም! አያ ጃርት፣ እሾህህን ሰብስብና አሳልፋት! አንቺስ ክረምቱን ሙሉ የት ጠፍተሽ ነው? ሞታለች ብለን አርባሽን ቆጥረን አውጥተናል! ያ ደረቁ ቦታ ለበቅሎ ተሰጥቷል፣ ያለው የሚያፈሰው ጥግ ነው፣ ብትወጂም ባትወጂም እዚያ ነሽ። ጅብ ነው አይደል? ጭጋግ አምባ ወጥተሽ ነው አይደል? ማንን ምከረኝ ብለሽ ነው? የዚያችን የቀበሮን አፍ አምነሽ? ደግሞ ወፍረሻል!»

ዳለቻ ባላት በአንዱ ጆሮዋ ሰማች። ከዚህ ሁሉ ንግግር ውስጥ እሷ ያለችው ቃል አንድም አልነበረም። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«ደግሞ ምን ያስለቅስሻል?» አለች እመት ፍየል።

«ምንም» አለች ዳለቻ። «ቀጥዪ፣ እመት ፍየል። ቀጥዪ።»

ከዚህ የምንማረው፣ አገር ስንመርጥ የራሳችንን ቃል ብቻ ከሚመልስልን ለምለም አምባ ይልቅ፣ ያላልነውን የሚናገረን ጎረቤት ያለበት እሾሃም መንደር እንደሚሻለን ነው።