አያ ጅቦ የጠራው ደቦ

አንድ ጊዜ፣ ጭቃ በር በሚባል ሰፈር፣ አያ ጅቦ ከአምስት ቀን በፊት የበላትን መዳፍ የማታህል የደረቀች ቆዳ እያስታወሰ ምራቁን ይውጥ ነበር። ጉድጓዱ ያፈሳል፣ ሆዱ ይጮኻል፣ የኋላ እግሩ ደግሞ እንደ ድሮው አልታዘዝ ብሎታል። ፍየል ሲያባርር ፍየሏ ዞር ብላ «አያ ጅቦ፣ ቀስ በል፣ እንዳትወድቅ!» ትለዋለች። ለአንድ ጅብ ከዚህ የባሰ ምን ውርደት አለ?

የጭቃ በርን ሰፈር ወንዝ ለሁለት ይከፍለዋል። ቤቱ በወዲህ ማዶ፣ ግጦሹ በወዲያ ማዶ ነው። ድሮ በወንዙ ላይ አንድ ግንድ ተጋድሞበት ነበር፤ ያንን ባለፈው ክረምት ጎርፍ ወሰደው። ከዚያ ወዲህ የሰፈሩ እንስሳት እስከ ሆዳቸው ጭቃ ውስጥ እየተዘፈቁ ነው የሚሻገሩት። አሁን ደግሞ ሌላ ክረምት ደጃፍ ላይ ቆሟል። ወንዙ አንዴ ከሞላ ሦስት ወር ሙሉ ግጦሽ የለም ማለት ነው።

«ታዲያ ለምን ድልድይ አይሠሩም?» ብሎ የሚጠይቅ ካለ የጭቃ በርን ነዋሪዎች አያውቃቸውም። ሦስት ጊዜ ተሰብስበዋል እኮ! በመጀመሪያው ስብሰባ ሰብሳቢው ማን ይሁን በሚለው ተጣልተው ተበተኑ። በሁለተኛው፣ በመጀመሪያው ስብሰባ ማን ማንን እንደ ሰደበ ሲያጣሩ ዋሉ። በሦስተኛው ግን ፍሬ ነገሩ ላይ ደረሱ፤ ደቦውን ማን ይጥራ? በሰፈሩ ልማድ ደቦ የጠራ ሠራተኞቹን አብልቶ ነው የሚሸኘው። ይህ ሲነሳ አቶ ጃርት ቤቱ ጠባብ መሆኑን ተናገረ። ጦጣዎቹ ዛፍ ላይ ድግስ እንደማይደገስ አስረዱ። ሽማግሌው አባባ ኤሊ «እኔ እንኳ...» ብለው ጀመሩ፤ ሳይጨርሱ ጀንበር ጠለቀች።

አያ ጅቦ ይህን ሁሉ ቁጥቋጦ ውስጥ ተኝቶ ሲሰማ ነበር። የድልድዩ ጉዳይ ደንታም አልሰጠው። እሱን ያስገረመው ሃያ ሰባት እንስሳ ጎን ለጎን ተቀምጦ ማየቱ ነው። አንዲት ፍየል ለመያዝ ሦስት ቀን ይሮጣል፤ እነዚህ ግን በገዛ እግራቸው ይሰበሰባሉ! ያኔውኑ ዘሎ መሃላቸው ያልገባው የቱን እንደሚያስቀድም ሲመርጥ ስለተበተኑበት ነው።

ወዲያው ወደ እመት ቀበሮ ገሰገሰ። እመት ቀበሮ የጭቃ በር ብልህ ናት ይባላል፤ ይህንን የምትለው በአብዛኛው ራሷ ናት።

«እመት ቀበሮ፣ ደቦውን እኔ ልጥራው» አላት።

ጆሮዋን አቆመች። «አንተ? ድግሱንስ ከየት ታመጣለህ?»

«ድግሱ ችግር የለውም። በእግሩ ይመጣል» አለና ከንፈሩን ላሰ።

እመት ቀበሮ ዞር ብላ ጅራቷን አየች። እሷም ብትሆን ያ ያማረ ጅራቷ በየቀኑ ጭቃ ሲነካው አንጀቷ ያርራል።

«ግሩም ሐሳብ ነው» አለች። «ግን አንድ ነገር ልምከርህ። እንደመጡ ብትነሳባቸው ይሮጣሉ፤ ሥጋቸውም ገና ስላልተፍታታ ይጠነክርብሃል። መጀመሪያ ሲሠሩ ይዋሉ። የደከመ አይሮጥም፣ ሥጋውም ይለሰልሳል።»

«ይለሰልሳል?»

«እንደ ቅቤ!»

አያ ጅቦ እንባው መጣ። በዕድሜው እንዲህ የሚያስብለት ወዳጅ አግኝቶ አያውቅም ነበር። እመት ቀበሮም ጥሪውን ልታደርስ ቤት ለቤት ዞረች። በየቤቱ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ምን እንደ ጨመረችበት ግን አያ ጅቦ አልሰማም፤ እሱ ጥርሱን በድንጋይ እየሞረደ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ሁሉም መጡ። በጭቃ በር ደቦ ተጠርቶ መቅረት ዕድሜ ልክ ያስወራል። ብቻ አንድም ለብቻው የመጣ አልነበረም፤ ተጠጋግተው፣ ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው ነው የመጡት። ከዚያ ሰላምታው ተጀመረ።

«እንዴት አደርክ፣ አያ ጅቦ?»

«ደኅና፣ እግዜር ይመስገን።»

«እግርህ እንዴት ነው?»

«ደኅና ነው።»

«ጉድጓድህስ?»

«ደኅና ነው።»

ይህ ሃያ ሰባት ጊዜ ተባለ። አያ ጅቦ ሰላምታውን ሲጨርስ መጀመሪያ ሊበላ የመረጠው ማንን እንደ ነበር ጠፍቶበት እንደገና መምረጥ ጀመረ። ዓይኑ እመት አህዮ ላይ አረፈ። እመት አህዮ ወፍራም፣ ጠንካራ፣ የሰፈሩን ጭነት ሁሉ የምትሸከም አህያ ናት። በቃ፣ እሷ ትሁን! ረሃቡ የእመት ቀበሮን ምክር አስረሳውና አፉን ከፈተ።

«ክረምቱን የሰላም ያድርግልን!» አሉ አባባ ኤሊ ለምርቃት ተነስተው። መነሳታቸውን በእርግጥ ያወቀ የለም፤ ቆመውም ተቀምጠውም ያው ናቸው።

«አሜን!» አለ ሕዝቡ። አያ ጅቦም የተከፈተ አፉን «አሜን» ብሎ ዘጋው።

እንደገና ከፈተ።

«እጃችንን አያዝለው!»

«አሜን!»

«የደቦውን ጌታ ዕድሜ ያርዝምልን!»

«አሜን!» አለ አያ ጅቦ፣ ይህን እንኳ ከልቡ። አፉን በከፈተ ቁጥር አንድ ምርቃት ይመጣና ይዘጋዋል። በምርቃት መሃል ጎረቤት መብላት ደግሞ እሱም የማይደፍረው ነውር ነበር። አባባ ኤሊ እንደሆኑ ቸኩለው አያውቁም። ወፎቹን መረቁ፣ ዓሦቹን መረቁ፣ ጎርፍ የወሰደውን ግንድ ሳይቀር ባለበት መረቁት። አያ ጅቦ መንጋጋው ዛለ።

ሥራው ሲጀመር እመት ቀበሮ ጆሮው ስር ጠጋ አለች። «የደቦ ጌታ ቆሞ አያይም። ቆመህ ካየሃቸው ይጠረጥራሉ።»

እውነቷን ነው ብሎ ተነሳ። ለሚጠማው ውሃ አመጣ። ለሚደክመው «አይዞህ!» አለ። ድንጋይ ለሚያነሳ አነሳለት፣ ለሚጥል አስጠነቀቀለት። ሌሎቹ በተራ ያርፋሉ፤ ጦጣዎቹ ሲሠሩ ፍየሎቹ ይቀመጣሉ፣ ፍየሎቹ ሲነሱ ጃርት ይጋደማል። የደቦው ጌታ ግን ተራ የለውም። አያ ጅቦ ይህን ልብ አላለም። «ይድከማቸው፣ ይድከማቸው» እያለ በደስታ ይሮጣል።

ከኮረብታው ላይ አንድ ትልቅ የዝግባ ግንድ መውረድ ነበረበት። በሐረግ አስረው ከፊት እመት አህዮን፣ ከኋላዋ አያ ጅቦን አሰለፉ።

«ጠጋ በል እንጂ!» አለችው እመት አህዮ። «ክብደቱ በአንተ በኩል በዝቷል።»

ጠጋ አለ። ጭኗ ከአፍንጫው አንድ ስንዝር ላይ ነው። ለሃጩ በአገጩ፣ በደረቱ፣ እስከ ጉልበቱ ወረደ።

«ውይ፣ በላብ ተጠመቅህ እኮ!» አለች። «ምስኪን! እኔ ደግሞ ሰነፍ ትመስለኝ ነበር።»

ምስኪን ብሎት የሚያውቅ አልነበረም። ደስ አለው፤ ደስ ማለቱም አናደደው። ልቡን ሊያደነድን ሲሞክር ግንዱ ድንጋይ ይዞት ቆመ።

«ያለ ዘፈን አይንቀሳቀስም!» ብለው ጮኹ ጦጣዎቹ። «የደቦው ጌታ ያቀንቅን!»

አያ ጅቦ ጉሮሮውን ጠረገ። «ያዝ እንግዲህ!» አለ፤ ያ የሚሰቀጥጥ ድምፁ ሸለቆውን ሞላው።

«ሆ!» አሉ ሁሉም።

«ሳብ እንግዲህ!»

«ሆ!»

ግንዱ ተነቃነቀ። አያ ጅቦ ደግሞ አንገቱን ቀና አድርጎ ባሰበት። እስከዛሬ ድምፁ ሲሰማ ሁሉም ይበረግጋል፤ ዛሬ ግን ድምፁን ሰምተው ይጠጉታል። ይህ ሆዱን አላጠገበውም፣ ሆኖም ለአፍታ ሆድ እንዳለው ረሳ። ግንዱ ወንዙ አፍ ላይ ደርሶ እንኳ ማቀንቀኑን አላቆመም፤ እመት ቀበሮ ናት «ደርሰናል፣ ይበቃል» ያለችው።

ጀንበር ስታዘቀዝቅ ድልድዩ አለቀ። ግራና ቀኙ በድንጋይ ተደግፏል፣ ላዩ አፈር ተደልድሎበታል። ፍየሎቹ ለመሻገር ሳይሆን እንዲያው ለደስታ ሦስት ጊዜ ተመላለሱበት።

«እንግዲህ ድግሱስ?» አለ አቶ ጃርት።

ሁሉም ተጠጋጉ። አያ ጅቦ ሰዓቷ መድረሷን አወቀ። ሆዱ እንደ ከበሮ ደለቀ። መሃል ወጣ፣ እግሩን ዘረጋ፣ ጥርሱን አሳየ፣ አፉን በሰፊው፣ እስከ ጆሮው ከፈተና...

አዛጋ። የአባባ ኤሊን ምርቃት የሚያህል ረጅም ማዛጋት አዛጋ። ከዚያ የኋላ እግሩ ከዳው፣ የፊቱም ተከተለው፣ እዚያው ተዘረጋ።

ተሸክመው ወደ ጉድጓዱ ወሰዱት። የቀረው ጉልበት አንድ ዓይኑን የሚከፍትበት ብቻ ነበር፤ በዚያው ዓይኑ እመት አህዮ ወደ ጉድጓዱ አንገቷን ስታስገባ አየ። ከጣሪያው ውሃ ጠብ፣ ጠብ ይላል። መኝታው ጭቃ ነው።

«ይሄ ነው ቤቱ?» አለች። «እመት ቀበሮ፣ ሊበላን እንደ ጠራን ነገርሽን፤ አንነጣጠል፣ እሱን እናድክመው አልሽ፣ እሺ አልን። እንዲህ እንደሚኖር ግን አልነገርሽንም።»

«አላወቅሁም ነበር» አለች እመት ቀበሮ፤ በዚያን ዕለት ያልዋሸችው ይህን ብቻ ነው። ሄዳም አንበሳ ትቶት የሄደውን አንድ ትልቅ አጥንት ጎትታ አመጣችለት።

«ሰኞ ጣሪያውን እንሥራለት» አሉ አባባ ኤሊ። በአንድ ትንፋሽ ጨርሰው ስለ ተናገሩ ሁሉም ደነገጠ።

ከዚህ ሁሉ ንግግር አያ ጅቦ የያዘው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰኞ ተመልሰው ይመጣሉ! «ሰኞ እበላታለሁ» ብሎ አጥንቱን አቅፎ ተኛ።

ሰኞ መጡ። እመት አህዮ ለጣሪያው ጠፍጣፋ ድንጋይ ስታመላልስ አያ ጅቦ አሰበ። አሁን ብበላት የቀረውን ድንጋይ ማን ያመጣዋል? ጣሪያው ይለቅ። ጣሪያው አለቀ። በማግስቱ የምንጩ ነገር ተነሳ። እሱንም በድንጋይ መክበብ ያስፈልጋል፣ ድንጋይ የምትሸከመው ደግሞ እሷ ናት። ምንጩ ይለቅ። በዚህ መሃል ሰፈሩ ኮሚቴ አቋቋመና አያ ጅቦን በሙሉ ድምፅ ሊቀመንበር አደረገው። በጭቃ በር ታሪክ ማንም ያልተጣላበት የመጀመሪያው ምርጫ ይህ ነው፤ ጅብ በዓይን የሚታይበት ቦታ ቢቀመጥ እንደሚሻል ሁሉም ተስማሙ። ጦጣዎቹም ከዛፍ ላይ ሆነው አንበሳ የተወው አጥንት ባዩ ቁጥር «ሊቀመንበር! ከዋርካው ሥር!» እያሉ ይጮኹለታል።

ክረምቱ አለፈ፤ ድልድዩ ቆመ፤ ግጦሽ ያጣ አልነበረም። አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ፣ ከተራራው ወዲያ የመጣ አንድ ጎረምሳ ጅብ ድልድዩ ላይ ብቅ አለ። እመት አህዮ ድንጋይ ተጭና፣ ከአያ ጅቦ ጋር ወደ አቶ ጃርት አጥር እየሄደች ነበር። መሮጥ አትችልም።

«ወንድሜ፣ ፈጣሪ ነው ያገናኘን» አለ ጎረምሳው። «እንካፈላት።»

አያ ጅቦ ፀጉሩን አቆመ። «ዞር በል! ወረፋ አለ!»

«የምን ወረፋ?»

«እኔ ከክረምት በፊት ጀምሮ እየጠበቅኋት ነው። መጀመሪያ የጃርት አጥር አለ። ከዚያ የዳገቱ መንገድ። ከዚያ የምንጩ ጠረጋ። እሷን በልተህ ድንጋዩን አንተ ልትሸከም ነው?»

«እኔ እኮ ጅብ ነኝ!»

«እኔስ ምንድን ነኝ?» አለ አያ ጅቦ።

«ታዲያ መቼ ልትበላት ነው?»

«ሥራው ሲያልቅ።»

«ሥራው መቼ ያልቃል?»

አያ ጅቦ ዞሮ ሰፈሩን አየ። የተጣመመ አጥር አየ፣ ገና ያልተደለደለ መንገድ አየ፣ ጩኸቱን ሰምተው እየሮጡ የሚመጡ ጎረቤቶቹን አየ። «እሱን የሚያውቀው ኮሚቴው ነው» አለና ጥርሱን ሁሉ አሳየው። ጎረምሳው ከአያ ጅቦ ኋላ ፍየሉ፣ ጃርቱ፣ ጦጣው ሲሰለፍ ባየ ጊዜ በመጣበት እግሩ ፈረጠጠ።

እመት አህዮ ጭነቷን አስተካከለች። «አያ ጅቦ፣ አሁንም ልትበላኝ ታስባለህ?»

«አስባለሁ» አለ፤ መዋሸት አይችልበትም። «ይህ ሳምንት ግን አይመቸኝም።»

«የሚመጣውስ?»

አያ ጅቦ አሰበ፣ አሰበ፣ ጆሮው እስኪሞቅ አሰበ። «የሚመጣውም አይመቸኝም» አለ በመጨረሻ። ከዚያም ከጀርባዋ ላይ ከበድ የሚለውን ድንጋይ አንስቶ በራሱ ጀርባ ላይ አደረገውና እያነከሰ ወደ አጥሩ ቀደማት።

ከዚህ የምንማረው፣ የጎረቤት ሁሉ ልብ እስኪጠራ ድረስ ሥራ ቢቆም ኖሮ ማንም ወንዝ እንደማይሻገር፣ ለሆዱ ብሎ የመጣውም ቢሆን አብሮ ግንድ ሲጎትት ከዋለ ሳያውቀው ጎረቤት እንደሚሆን ነው።